አንጎል ውስጥ ሥራ ፈት ክፍል አለ? ከ«10 በመቶው» ወሬ እስከ ስትሮክ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ በየሕንጻው መግቢያ የሚለጠፉ የሥልጠና ማስታወቂያዎች አንድ አባባል ይወዳሉ። «የሰው ልጅ የሚጠቀመው የአንጎሉን 10 በመቶ ብቻ ነው» ይላሉ። የቀረውን 90 በመቶ «ማንቃት» የፈለገ ይመዝገብ ነው ነገሩ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይም ይኸው ወሬ ጠፋ ሲባል ተመልሶ ይመጣል። ለልጆች ደግሞ «ቀኝ አንጎልን የሚያነቃ» የሒሳብ ሥልጠና አለ።

እዚሁ መሀል ከተማ ሌላም ወሬ ይሰማል። «እከሌ ድንገት አፉ ተጣመመ፤ ምች መትቶት ነው።» «እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ሰው ሁሉ አልፎት ሄደ፤ ለካ ስትሮክ ኖሯል።»

ሁለቱ ወሬዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። ግን ይገናኛሉ፤ ስትሮክ ደም ሲቋረጥበት በአንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት ነውና። አብዛኛው አንጎል ሥራ ፈት ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ ከአንጎል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ስትጎዳ ምን እንደሚከተል መገመት ይቸግረዋል። አፍ መጣመሙን፣ እጅ መዛሉን፣ ቃል መጥፋቱን ከአንጎል ጋር አያያይዘውም። ስለዚህ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ ማወቅ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ

አማርኛ ሐሳብን የሚያኖረው ልብ ውስጥ ነው። «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ነው። ምስጢርና ቅሬታ ሆድ ውስጥ ይገባሉ፤ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ድካም ሲበዛ ግን «ናላዬ ዞረ» ይባላል፤ ናላ አንጎል ነው። እንዲህ ማሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትልም የማሰቢያው ቦታ ልብ ነው፣ አንጎል ግን ሙቀት ማብረጃ ነው ብሎ ያምን ነበር።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንጎል የምንለው በራስ ቅል ውስጥ ያለውን አካል ነው። አእምሮ የምንለው ደግሞ ይህ አካል የሚሠራውን ሥራ ነው፦ ማሰብን፣ ማስታወስን፣ መፍራትን። አናቶሚ የአካል ክፍሎችን ቅርጽና አቀማመጥ የሚያጠና ትምህርት ነው። ኒውሮን ደግሞ መልእክት በኤሌክትሪክና በኬሚካል የሚያስተላልፍ የነርቭ ሕዋስ ነው።

ክብደቱ ትንሽ፣ ቀለቡ ብዙ

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እንደ ለጋ ቅቤ ለስላሳ ነው። በሦስት ስስ ሽፋኖች ተጠቅልሎ፣ ጥርት ባለ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ ይኖራል። ማጅራት ገትር የምንለው በሽታ እነዚህን ሽፋኖች የሚያጠቃ ነው። ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል። በሕፃን አናት ላይ ትር ትር የምትለው እርግብግቢት ደግሞ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተገጣጠሙበት ቦታ ናት። አንጎሉ በፍጥነት ስለሚያድግ አጥንቱ ቶሎ አይዘጋበትም።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ነው። ሰውነት በእረፍት ላይ ሳለ ከሚያወጣው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። የሚያከማቸው ስንቅ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በየደቂቃው 750 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሊደርሰው ይገባል። ደሙ ጨርሶ ቢቋረጥ ሰው በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። በደቂቃዎች ውስጥ ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ።

የ10 በመቶው ወሬ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ከቀለቡ አንድ አምስተኛውን ለሥራ ፈት አይቆርስም።

ይህን ነገር በዓይን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሲወጣ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ድንቅነሽ ወይም ሉሲ፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ የአገሪቱ አደራ ሆና የምትጠበቀው እዚያ ነው። በዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃኗ ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። የሰላም ራስ ቅል ውስጥ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። አንጎሏ ያረፈበት ቅርጽ በድንጋይ ታትሞ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ይህን ቅርጽ በረቂቅ የራጅ ምርመራ አይቶ፣ የአንጎሏ አደረጃጀት የዝንጀሮ መሰል ፍጥረታትን እንደሚመስል፣ እድገቱ ግን እንደ እኛ ልጆች ረጅም ጊዜ የሚወስድ እንደነበር ደምድሟል። የዝርያዋ አዋቂዎች አንጎል የእኛን ሲሶ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት እጥፍ አድገናል። ይህን ያህል ቀለብ የሚበላ አካል፣ ዘጠና በመቶው ለከንቱ ሆኖ ለሚሊዮን ዓመታት እየፋፋ መጣ ማለት አያስኬድም።

የታክሲ ረዳት ሲሠራ አንጎሉ ምን ይሠራል?

አንድ የሚኒባስ ረዳት እንይ። ከአራት ኪሎ ተነስቶ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ። በሩን በአንድ እጁ ይዟል። ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሀል ሰክቷል። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።

መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው አየ። ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል እንጂ የታየው ነገር ምን እንደሆነ መተርጎም የሚጀምረው ከማጅራት በላይ ባለው የአንጎል የኋላ ክፍል ነው። ኦክሲፒታል ሎብ ይባላል። ሎብ ማለት የአንጎል ትልልቅ ክፍሎች መጠሪያ ነው። ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ይህ ክፍል የተጎዳበት ሰው ማየት ሊያቅተው ይችላል።

ከኋላ «ወራጅ አለ!» ተባለ። ድምጹን የሚያስተናግደው በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ቴምፖራል ሎብ ነው። እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ጎበጥ ያለ አካል አለ። አዲስ ትዝታ የሚመዘገበው በእሱ በኩል ነው። ይህ የታወቀው በአንድ አሜሪካዊ ሕመምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ሂፖካምፐሱን ከነአካባቢው በግራም በቀኝም አወጡለት። ከዚያ ወዲያ እስከሞተበት እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም። አሁን የተዋወቀውን ሰው ጥቂት ቆይቶ እንደ እንግዳ ያየው ነበር። የሚገርመው፣ በእጅ የሚሠራ ሙያ መልመድ ይችል ነበር። እጁ ይለምዳል፣ መልመዱን ግን አያስታውስም። ትዝታ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ሳይንስ የተማረው በዚህ ሰው ነው።

ወደ ረዳቱ እንመለስ። ብሩን ሳያይ በጣቱ ይለያል። ይህ የመዳሰስና የቦታ ስሜት ነው፤ ከአናት ወደ ኋላ ያለው ፓሪየታል ሎብ ሥራ። የመቶ ብር መልስ ያሰላል፣ ማን እንደከፈለ ይይዛል፣ የሚነዘንዘውን ተሳፋሪ በትዕግሥት ያልፋል። ይህ በአብዛኛው የግንባር ክፍሉ፣ የፍሮንታል ሎብ ድርሻ ነው። ማቀድ፣ ራስን መግታት፣ እጅና እግርን ማዘዝ ከዚህ ይነሳል። ይህ ክፍል በስሎ የሚያበቃው ዘግይቶ፣ በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። የወጣት ችኩልነት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታክሲው ሳይቆም ረዳቱ ወረደ፤ ሁለት እርምጃ ሮጠ፤ ተመልሶ ተንጠለጠለ። አልወደቀም። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ከአንጎል በታች፣ ከኋላ በኩል የተወሸቀው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬቤለም ነው። ከአንጎል ክብደት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሆኖም በአንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ያህል ኒውሮኖች 69 ቢሊዮን ገደማ የሚሆኑት እዚህ ናቸው። በቁጥር 80 በመቶ። የ10 በመቶ ወሬ ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ አስደናቂ ቁጥር የለም፤ ደግሞም እውነት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ረዳቱ መተንፈሱን አላሰበበትም። ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ መዋጡን፣ መንቃቱን የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ነው። አንጎልን ከሕብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘው፣ እንደ አውራ ጣት ያለ ክፍል። ረሃብን፣ ጥማትን፣ ሙቀትንና ፍርሃትን የሚመለከቱ ሌሎች ትንንሽ ክፍሎችም መሀል ላይ አሉ።

ክፍሎቹ ተራ አይጠብቁም። አንድ ላይ ይሠራሉ። እንቅልፍ ላይም ቢሆን አንጎል ሥራ አይፈታም።

እዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንዱ «እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቦታ አለው» ይላል። ሌላው «አንጎል መረብ ነው፣ ሥራው የሁሉም ነው» ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ አከራክሯል። ዛሬ ሚዛን የሚደፋው መሀለኛው ነው። ቦታ አለ፤ ግን ቦታው መንታ መንገድ እንጂ የተቆለፈ ክፍል አይደለም። ሜክሲኮ አደባባይ ቢዘጋ የሚታወከው ሜክሲኮ ብቻ አይደለም። አንጎልም እንደዚያ ነው።

«ቀኝ አንጎል» የሚባለው ነገር

ይህ ወሬ ግማሽ እውነት አለው። የአንጎል ግራ ገጽ፣ ማለትም ግራው ግማሽ፣ የቀኝ እጅና እግርን፣ ቀኙ የግራውን ያዛል። ቋንቋ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ወደ ግራ ያጋድላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 ይህን መንገድ ከፈተ። «ታን» ከምትል ድምጽ በቀር መናገር ያልቻለ ሕመምተኛው ሲሞት አንጎሉን አየ። ጉዳቱ ከግራው የግንባር ክፍል ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ስፔሪ ደግሞ የሁለቱ ገጾች ማገናኛ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠባቸውን ሕመምተኞች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ከዚህ ተነስቶ «ሰዓሊ በቀኝ፣ ሒሳበኛ በግራ ያስባል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ከ1,000 በላይ ሰዎች የአንጎል ምስል ያየ ጥናት፣ አንዱ ገጽ በሙሉ የሚያይልበት ሰው አላገኘም። ጤነኛ ሰው በሁለቱም ነው የሚያስበው።

የሥልጠናዎቹን ጎን መስማትም ይገባል። አንዳንድ አሰልጣኞች «10 በመቶው ምሳሌ ነው፣ ሰው ካለው ችሎታ ብዙውን አይጠቀምም ለማለት ነው» ይላሉ። በዚህ ትርጉሙ ብዙ ሰው ይስማማል። ልጅ ሒሳብ ሲለማመድ ሒሳቡ ይሻሻላል፤ ይህም እውነት ነው። ችግሩ ምሳሌው እንደ አናቶሚ ሲሸጥ ነው። ወላጅ የሚከፍለው ለልምምድ ከሆነ ጥሩ። የተኛ የአንጎል ግማሽ ይቀሰቀስልኛል ብሎ ከሆነ ግን የሚቀሰቀስ ግማሽ የለም።

ስትሮክ፦ ቦታው ሲናገር

ስትሮክ ማለት ደም ወደ አንዱ የአንጎል ክፍል መድረስ ሲያቆም የሚመጣ ጉዳት ነው። ወይ የረጋ ደም ቧንቧውን ይደፍናል፣ ወይ ቧንቧው ይፈነዳና ደም ይፈሳል። ከሁለቱም በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ያልታከመ የደም ግፊት ነው። ትልቅ ቧንቧ በተደፈነበት ስትሮክ፣ ሕክምና ሳይደርስ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ኒውሮን እንደሚሞት ይሰላል።

ምልክቱ የሚለያየው ቦታው ስለሚለያይ ነው። ግራው ሲጎዳ ቀኝ እጅ ይዝላል፣ ቃል ይጠፋል። ሰውዬው ልጁን ያውቃል፤ ስሙን ግን አያመጣም። ወይም አቀላጥፎ ይናገራል፣ የሚለው ግን ትርጉም የለውም። ቤተሰብ «አበደ» ሊል ይችላል። አላበደም። የተጎዳው የቋንቋ ቦታው ነው።

ቀኙ ሲጎዳ ነገሩ የበለጠ ግራ ያጋባል። ሕመምተኛው የግራውን ዓለም ይተወዋል። ሰሀን ላይ እንጀራ ሲቀርብለት በቀኝ በኩል ያለውን ወጥ ጠርጎ ይበላል፤ በግራ ያለው አልጫ አልተነካም። «ጠገብክ?» ሲሉት «ሌላ የለም እኮ» ይላል። ሰሀኑን ብታዞሩለት ይቀጥላል። ዓይኑ አልታወረም። ግራ የሚባል ነገር ከሐሳቡ ወጥቷል። የገዛ ግራ እጁን «የእኔ አይደለም» የሚልም አለ።

ትንሹ አንጎል ሲጎዳ ሰው ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ያስመልሰዋል። የሚያልፍ ሁሉ ጠጥቶ ነው ይላል። የአንጎል ግንድ ሲነካ መዋጥ ይከብዳል። ለወደቀ ሰው ውሃ ወይም ወተት መስጠት ደግ ልማዳችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን አደገኛ ነው። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ምችስ? አፍ ሲጣመም ብዙ ቤተሰብ ዳማ ከሴ ቆርጦ ያሻል። እውነት ነው፣ ፊት የሚጣመመው ሁሌ በስትሮክ አይደለም። የፊት ነርቭ ራሱ ሲያብጥም ይጣመማል። ልዩነቱ አናቶሚ ውስጥ አለ። የግንባር ጡንቻዎች ከሁለቱም የአንጎል ገጾች ትእዛዝ ያገኛሉ። ስለዚህ በስትሮክ ብዙ ጊዜ ጉንጭና ከንፈር ይወድቃሉ፣ ግንባር ግን መሸብሸብ ይችላል። ነርቩ ሲጎዳ ግን ግማሽ ግንባርም አይሸበሸብም፣ ዓይንም አልከደን ይላል። ይህ ለሐኪም ፍንጭ ነው። ቤት ተቀምጦ መወሰኛ አይደለም፤ ዳማ ከሴው እየታሸ ሰዓቱ ይነጉዳል።

የሰዓቱ ነገር

ፊት ወደ አንድ ጎን ከወደቀ፣ ሁለት እጅ ሲነሳ አንዱ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ጉዳዩ የሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የረጋ ደምን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ በስፋት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በአገራችን በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ከዚያ በፊትም ሲቲ ስካን፣ ማለትም የራስ ቅሉን ውስጥ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ ያስፈልጋል። ደም ፈስሶ ከሆነ ማሟሟቱ ይገድላል። ቤት ውስጥ «ደም ያቀጥናል» ብሎ አስፕሪን መስጠት የማይመከረውም ለዚሁ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው። ማታ 4 ሰዓት ደህና ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተጎድቶ የተገኘ ሰው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከማታው ነው። ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሰው አብሮ ቢሄድ ትልቅ እርዳታ ነው።

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ጠበል ይወስዳል። እምነትን ከሕክምና ጋር ማጋጨት አያስፈልግም። ጸሎቱ አምቡላንስ ውስጥም ይደርሳል፣ ጠበሉም በኋላ ይደርሳል። ወደ ኋላ የማይመለሰው ሰዓቱ ነው።

ራስ ላይ የሚያርፍ ምት

ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ ወይም ከሞተር ሳይክል የተፈናጠረ ሰው ተነስቶ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። በጆሮ ግንድ በላይ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩ ደም ቧንቧ ያልፋል። ቧንቧው ከተቀደደ ደሙ በአጥንቱና በሽፋኑ መሀል ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይብሳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» የሚባለው ያኔ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ያለበትም ያኔ ነው።

ከቁስሉ ድኖ ጠባዩ የሚለወጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ ውስጥ ፊኒየስ ጌጅ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ፤ ይናገርም ይራመድም ነበር። ጓደኞቹ ግን የሚያውቁት ሰው አልሆነላቸውም፤ ስድ አፍና ችኩል ሆነ ተባለ። በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የሰረገላ ሹፌር ሆኖ መሥራቱን የሚያነሱ ተመራማሪዎች፣ ከተባለው በላይ ሳያገግም አልቀረም ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት ነገር አለ፦ ትዕግሥትና ይሉኝታ የግንባሩን ክፍል ይፈልጋሉ።

ታዲያ እንዴት ይድናል?

የ10 በመቶው ወሬ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ ጥያቄ ያነሳሉ። «ትርፍ ቦታ ከሌለ፣ ስትሮክ የመታው ሰው እንዴት እንደገና ይራመዳል?»

መልሱ ኒውሮፕላስቲሲቲ ነው፤ አንጎል ግንኙነቶቹን እንደገና የመዘርጋት ችሎታው። ለንደን ውስጥ የከተማዋን መንገዶች በቃላቸው ያጠኑ የታክሲ ሹፌሮች፣ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌሎች ሰዎች በልጦ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ከስትሮክ በኋላም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። የተኛ ክፍል አይነቃም። ሥራ ላይ የነበሩት ጎረቤት ክፍሎች የጎደለውን ደርበው ይሸከማሉ። የሞተው ሕዋስ አይመለስም። ስለዚህ መሻሻሉ አዝጋሚ ነው፣ ድካሙም ብዙ ነው። ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የሚመጣውም በመደጋገም ነው።

እዚህ ላይ ፍቅራችን ራሱ እንቅፋት ይሆናል። አባት ቀኝ እጁ ዝሎ ከሆስፒታል ሲወጣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ያጎርሱታል። ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ፣ የሚለው ሌላ ነው። መዋጡ በሐኪም ተፈትሾ ደህና ከተባለ፣ በዚያው በዛለው እጅ ራሱ ይቁረስ። እንጀራው ከጣቱ ያመልጣል፣ ወጡ ልብሱ ላይ ይፈሳል፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹ ከጎኑ ይቀመጡ፣ እጃቸውን ግን ይሰብስቡ።